ማገዶ ሲታደል ጥቃቱ ወዴት ሄደ? የዳዳብ ሴቶች ጉዳይ

ለስደተኛ የሚታደለው ራሽን ጥሬ ነው። ዱቄቱ፣ በቆሎው፣ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ ይሰፈርና ሴትየዋ ተሸክማ ወደ ድንኳኗ ትመለሳለች። ጥራጥሬ ሳይቀቀል አይበላም፤ እስኪበስልም ብዙ እንጨት ይፈጃል። እህሉን የሰጠው አካል ግን እንጨቱን አልሰጠም። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በዳዳብ የስደተኞች ጣቢያዎች፣ በ1990ዎቹ እጅግ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች የተደፈሩት ይህንን የጎደለ እንጨት ሊለቅሙ ጫካ በወጡበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዳዳብ በሰፊው ለመጻፍ የፈለግሁት የሴቶቹ ሥቃይ ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። በዳርፉር፣ በምሥራቅ ኮንጎ፣ በቅርብ ዓመታትም በገዛ አገራችን ጦርነት በሴቶች ላይ የደረሰውን እናውቃለን። ዳዳብን ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ችግሩ ታየ፣ ተመዘገበ፣ ከፍ ያለ ገንዘብ ተመደበለት፤ ከዚያም «ይህ ሁሉ ወጪ ሴቶቹን በእርግጥ ጠብቋቸዋል ወይ?» ተብሎ ከውጭ በመጡ ገምጋሚዎች ተመዘነ። የተገኘው መልስ ለሰጪውም ለአስፈጻሚውም ደስ የሚል አልነበረም። ቢሆንም ታትሞ ወጣ። በእርዳታ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ድፍረት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ውጤቱን ከነዝርዝሩ ማወቅ ይገባናል እላለሁ።

ጣቢያዎቹ የተተከሉበት ምድር

በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ከሶማሊያ የሸሸው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያም ወደ ኬንያም ጎረፈ። ኬንያ የገባውን ለማስፈር ከጋሪሳ ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በዳዳብ ዙሪያ፣ ሦስት ጣቢያዎች ተቋቋሙ። መጀመሪያ በ1991 ኢፎ፣ በ1992 ደግሞ ዳጋሃሌይና ሀጋደራ። ሦስቱ ሲታቀዱ በድምሩ 90,000 ሰው እንዲይዙ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ አለፉ። አብዛኛው ስደተኛ ሶማሊያዊ ቢሆንም በመካከላቸው ጥቂት ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።

ምድሩ ደረቅ ቆላ ነው። ግራር፣ እሾሃማ ቁጥቋጦና አሸዋ። በጣቢያዎቹ አቅራቢያ የነበረው የደረቀ እንጨት በጥቂት ጊዜ ተለቅሞ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሴቶች በየዓመቱ ራቅ እያሉ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ክልሉ ደግሞ ራሱ የቆሰለ ነበር። ከ1963 እስከ 1967 ድረስ «የሽፍታ ጦርነት» የተባለው የመገንጠል ውጊያ የተካሄደበት፣ ከዚያም በኋላ እስከ 1991 በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሲገዛ የቆየ አካባቢ ነው። ፖሊሱ ጥቂት፣ ተሽከርካሪው ከዚያም ያነሰ ነበር፤ ነዋሪውና የጸጥታ ኃይሉ አይተማመኑም። ከሶማሊያ የሚፈሰው መሣሪያ ሲጨመርበት ታጣቂዎች ድንበሩን እንደ ልባቸው መሻገር ጀመሩ።

ከዚህ ላይ የጎሣ ጉዳይ አለ። ታጣቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሴትዮዋን ጎሣዋን ይጠይቋት ነበር፤ መልሷ ዕጣዋን ይወስናል። በአካባቢው ጠንካራ ዘመድ የሌላቸው ትንንሽ ጎሣዎችና የሶማሊያ ባንቱዎች (ከዋናዎቹ የሶማሌ ጎሣዎች ውጭ የሆኑ አናሳ ማኅበረሰብ) የሚያስፈራ ወገን ስላልነበራቸው ይበልጥ ተጋልጠዋል። ከባንቱዎቹ 12,000 ያህሉ በ2002 በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ወዳለው ወደ ካኩማ ጣቢያ እንዲዛወሩ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ ሌሊት፣ በመኖሪያ ድንኳን

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥቃቱ የሚደርሰው በአብዛኛው በሌሊት፣ በራሷ በስደተኛዋ መጠለያ ውስጥ ነበር። ሽፍቶች ዘረፋና መድፈርን አንድ ላይ ይፈጽሙ ነበር። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በጊዜው እንዳስታወቁት፣ ከአጥቂዎቹ መካከል ሴቶቹን እንዲጠብቁ የተመደቡ የኬንያ የጸጥታ አባላትም ይገኙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከየካቲት እስከ ነሐሴ 1993 ባሉት ሰባት ወራት ብቻ 192 የመደፈር ጉዳዮችን መዝግቧል። ይህ እንግዲህ አፍ አውጥተው የተናገሩት ቁጥር ነው። ክብረ ንጽሕና የቤተሰብና የጎሣ ክብር ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ፣ የተናገረች ልጃገረድ ባል አታገኝም፣ የተናገረች ሚስት ልትፈታ ትችላለች፤ ዝም ያሉት ስንት እንደሆኑ መገመት ይቻላል።

ኮሚሽኑ በ1993 ለጥቃት ሰለባ ሴቶች የሚሆን ልዩ ፕሮግራም ጀመረ። ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ ቁሳቁስ፣ ለፖሊስ ድጋፍ ነበረበት። ከሁሉም ይልቅ ውጤቱ የታየው ግን በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው፦ በየመኖሪያ ሰፈሩ ዙሪያ የእሾህ አጥር ተተከለ። ከብቱን ከጅብ ለመጠበቅ አርብቶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ዓይነት አጥር ነው። ሌሊት በድንኳን ውስጥ የሚደርሰው ጥቃት በግልጽ ቀነሰ።

ይሁንና ጥቃቱ በአጥሩ ብቻ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ከተመዘገቡት መደፈሮች አብዛኞቹ ከጣቢያው ውጭ፣ በቀን ብርሃን፣ ጫካ ውስጥ ሴቶች እንጨት ሲለቅሙ የደረሱ ሆኑ። ይህን የቦታ ለውጥ ልብ በሉት፤ ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል።

ለምን ሴቶቹ?

«ታዲያ ወንዶቹ ለምን አይሄዱም?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። አንደኛው መልስ የሥራ ክፍፍል ነው። ማገዶና ውኃ የሴት ሥራ ነው፤ በሶማሌውም በእኛም ቤት። ከእንጦጦ ቁልቁለት ጀርባዋ በእንጨት ሸክም ጎብጦ የምትወርድ እናት ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህንን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልገውም። በዳዳብ ወንዶች እንጨት አያመጡም ማለት አይደለም፤ ያመጣሉ፣ ግን በአህያ ጋሪ፣ ለሽያጭ። እንጨት ገንዘብ ሲሆን የወንድ፣ ወጥ ማብሰያ ሲሆን የሴት ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የከፋ ነው። በዳርፉር ተፈናቃይ ቤተሰቦች በግልጽ ሲናገሩት እንደተሰማው፣ ወንድ ከወጣ ይገደላል፣ ሴት ከወጣች ትደፈራለች፤ ቤተሰቡ ከሁለቱ መምረጥ ነበረበት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ከጥቅምት 2004 እስከ የካቲት 2005 አጋማሽ በዳርፉር ካከማቸው መረጃ እንደሚታየው፣ ሕክምና ከሰጣቸው ወደ 500 ከሚጠጉ የተደፈሩ ሴቶች ከአምስቱ አራቱ በላይ ጥቃቱ የደረሰባቸው ለማገዶ፣ ለውኃና ለመሳሰለው የዕለት ሥራ ከመንደርና ከጣቢያ ወጥተው ሳሉ ነው። በየትኛውም ቤት አንዲት እናት ልጇን ወደዚያ ጫካ ስትልክ አደጋውን ሳታውቅ አይደለም። እያወቀች የምትልከው ሌላ ምርጫ ስለሌላት ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ የሚረሱትም ይህንን ነው። ስደተኛ ሴት በኬንያ ከጣቢያው ወጥታ ሥራ እንድትይዝ አይፈቀድላትም ነበር። ለልጅ ወተት፣ ለሻይ የሚሆን ስኳር፣ ሳሙና ለመግዛት ሳንቲም የምታገኝበት ጥቂት መንገድ ብቻ ነበራት። አንዱ እንጨት ለቅማ መሸጥ ነው።

በሴቶቹ አካል ላይ የደረሰው

ስለ ሕክምናው በጥንቃቄ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ግን ሳይጻፍ መታለፍ የለበትም። በሶማሊያ ሴቶች ዘንድ በሰፊው ይፈጸም የነበረው ግርዛት ሰፍቶ የሚዘጋው ዓይነት ነው። በ1993 ከተሰበሰቡት ምስክርነቶች መካከል አጥቂዎች በስለት የተጠቀሙባቸው አሉ። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባት ልጃገረድ ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የሽንት፣ የወር አበባና የወሊድ ችግር ይከተላታል።

ከመደፈር በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት እጅግ ወሳኝ እንደሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም የተሻለ ይሠራል። ያልተፈለገ እርግዝናን ለመከላከል የሚወሰደው እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት፣ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የቁስል እንክብካቤ፣ ሳያቋርጥ የሚያዳምጣት ሰው፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ የአደጋ ቀናት ጀምሮ እንዲኖር የሚያዝዘው «አነስተኛው የመጀመሪያ አገልግሎት ጥቅል» የሚባለው የሥነ ተዋልዶ ጤና መመሪያ የተቀረጸው በእነዚያው በ1990ዎቹ ነው። መመሪያው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሩቅ ጫካ ውስጥ የተጠቃች፣ ለባሏ ለመናገር የምትፈራ፣ የጤና ተቋሙ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ የጎረቤቷ ዘመድ የሆነባት ሴት በሦስት ቀን ውስጥ በሩን ታንኳኳለች ማለት አይደለም። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ መኖሩና ሴቲቱ ዘንድ መድረሱ ለየብቻ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ሴት አስተርጓሚ መመደብ፣ ወደ ጤና ተቋሙ ስትገባ «ለምን መጣሽ?» ብሎ በሰው ፊት የሚጠይቅ ዘበኛ እንዳይኖር ማድረግ፣ ይህን የመሰለ ትንሽ የሚመስል ነገር ከመድኃኒቱ እኩል ይወስናል።

የማገዶ ፕሮጀክቱ

በ1998 ብቻ በዳዳብ ጣቢያዎች ከ100 በላይ መደፈሮች ተመዝግበዋል። ዜናው በውጭ አገር ከፍ ብሎ ተሰማ። የአሜሪካ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠና የማገዶ ፕሮጀክት የሚባለው ተጀመረ፤ አስፈጻሚው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በተለምዶ ጂቲዜድ የሚባለው ነበር።

ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው። ሴቶች የሚደፈሩት እንጨት ፍለጋ ሲወጡ ከሆነ፣ እንጨቱን እኛ እናምጣላቸው። ከአካባቢው ነዋሪዎች የተመረጡ ኮንትራክተሮች ራቅ ካሉ፣ ከተለዩ ቦታዎች የደረቀ እንጨት ብቻ እየሰበሰቡ በጭነት መኪና ያመጣሉ፤ እንጨቱ በኪሎ እየተመዘነ እንደ ራሽን ይታደላል። ለገንዘብ ሰጪዎች የቀረበው በዋነኛነት መደፈርን መከላከያ ተብሎ ነው።

የታደለው ማገዶ አንድ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ይሸፍን ነበር። ይህ ቁጥር ሁሉን ይወስናል። ከእደላው በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ቤቱ እንጨት ይሞላል፤ ከዚያ ያልቃል፤ ሴትየዋም ወደ ጫካው ትመለሳለች። ሽፍታው ደግሞ ጫካውን ለቆ አልሄደም።

ፕሮጀክቱ ጥቅም አልነበረውም ማለት ግን ስሕተት ነው። ሴቶች ቢያንስ በወር የተወሰኑ ቀናት ከረጅም መንገድና ከከባድ ሸክም አረፉ። በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው ዛፍ ትንሽ ፋታ አገኘ። «ስደተኞቹ ጫካችንን ጨረሱት» ብለው ቅር የተሰኙት የአካባቢው ሰዎች ሥራና ገቢ አገኙ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ውጥረትም በዚያው መጠን ላላ። እኔ እነዚህን ጥቅሞች አላናንቅም። ጥያቄው ግን ፕሮጀክቱ የተነሣበት ዓላማ ነው።

በ2001 የወጣው ግምገማ

ገምጋሚዎቹ የመደፈር መዝገቦችን ከማገዶ እደላው ቀናት ጋር አስተያዩ። ቤተሰቦች እንጨት ሞልቶላቸው በነበረባቸው ጊዜያት ከማገዶ ለቀማ ጋር የተያያዘው መደፈር በ45 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። እስከዚህ ድረስ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ በሌላ ቦታና በሌላ ሁኔታ የደረሰው መደፈር ከ78 እስከ 113 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

ጥቃቱ ከእንጨት ለቀማው መንገድ ተነሥቶ ወደ ሌላ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ሴቶች ከጣቢያው የሚወጡት ለእንጨት ብቻ አይደለም። ፍየል ለማሰማራት፣ ለቤት መሥሪያ ሣርና ቅርንጫፍ ለማምጣት፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለገበያ ይወጣሉ። በእሾህ አጥሩ ጊዜ ከድንኳን ወደ ጫካ እንደተዛወረው ሁሉ፣ አሁንም ሌላ ቦታ ፈለገ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ሁለት ነገር እይዛለሁ። አንደኛ፣ በወር የሚመዘገቡት ጉዳዮች በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ጥቂት ሲጨመር ወይም ሲቀነስ መቶኛው በጣም ይወዛወዛል፤ ስለዚህ 78ንም 113ንም እንደ ትክክለኛ ሚዛን መያዝ አይገባም። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የሚያሳየው የተነገረውን እንጂ የተፈጸመውን ሁሉ አይደለም። ይህም ሆኖ የአቅጣጫው ነገር ግልጽ ነው። ማገዶው ሴቶቹ የሚገኙበትን ቦታ ለአጥቂው ይወስንለት ነበር እንጂ አጥቂውን አልፈጠረውም። አጥቂውን የፈጠረው መሣሪያ መብዛቱ፣ ሕግ አለመኖሩ፣ ጎሣ ለጎሣ መበቃቀሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደፈረ ሰው አለመቀጣቱ ነው። እነዚህን ማገዶ የጫነ መኪና አያስወግዳቸውም።

ገምጋሚዎቹም መደፈርን ለመከላከል ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ወጪ በማገዶ ላይ ማፍሰስ የተሻለው መንገድ መሆኑን ተጠራጠሩ። ያ ገንዘብ ለፖሊስ ተሽከርካሪ፣ ለጫካ ቅኝት፣ ለፍርድ ቤት ቢውል ምን ያህል ይሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት መጣ።

እዚህ ላይ የኔን አስተያየት ልጨምር። ከዚህ ግምገማ በኋላ «እንግዲያው ማገዶ መስጠት ከንቱ ነው» የሚል ድምዳሜ በአንዳንዶች ዘንድ ተሰምቷል። አልስማማም። ማገዶ መሰጠት ያለበት አስፈላጊ ስለሆነ ነው፤ ጥሬ ራሽን ሰጥቶ ማብሰያ መንፈግ መጀመሪያውኑ ትክክል አልነበረም። የሳተው ማገዶውን መስጠቱ ሳይሆን ማገዶውን ብቻ ሰጥቶ «ሴቶቹን ጠብቀናል» ማለቱ ነው።

ፍርዱና ጥርጣሬው

አጥቂን መቅጣት በወረቀት ላይ ይቻል ነበር። በተግባር፣ የተደፈረች ሴት ለፖሊስ ማመልከት፣ ፒ ስሪ የሚባለውን የፖሊስ የሕክምና ቅጽ በሐኪም ማስሞላት፣ ከዚያም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጋሪሳ ፍርድ ቤት ቀርባ መመስከር ነበረባት፤ ያውም የአጥቂው ጎሣ እያየ። በኋላ ተዘዋዋሪ ችሎት ወደ ዳዳብ መምጣት ጀመረ፤ በእኔ እምነት ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ በጣም ችላ የተባለና በጣም ሊስፋፋ ይገባው የነበረው ይህ ነው።

በሌላ በኩል የሽማግሌዎች ዕርቅ ነበረ። በሶማሌ ባህል ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካሳ ይቆርጣሉ፤ ካሳው የሚከፈለው ለቤተሰቡ ወይም ለጎሣው ነው፤ አንዳንዴም ልጅቱ ለደፈራት ሰው ትዳራለች። ስለ ሽምግልና ክብር ያለኝ ሰው ነኝ፤ ብዙ ደም ያቆመ ተቋም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሁለት ጎሣ ሰላም የተገዛው በአንዲት ልጅ ሕይወት ነው፤ እሷ ደግሞ በጉባኤው ላይ አልተጠየቀችም።

ከዚህም የባሰ ነገር ተፈጠረ። ለአደጋ የተጋለጡ ሴቶች ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱበት ዕድል ስለነበረ፣ አንዳንድ ሴቶች ሳይደፈሩ ተደፈርን ይላሉ የሚል ወሬ በጣቢያዎቹም በሠራተኞቹም ዘንድ ተዛመተ። ከዚህ ወዲያ እያንዳንዷ የምትመጣ ሴት በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመረች። ጥቂቶች ዋሽተው ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በረሀብና በጦርነት የተባረረች ሴት ከዚያ ቦታ ለመውጣት ያላት ብቸኛ በር የመደፈር ታሪክ እንዲሆን ያደረገው ሥርዓቱ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ እውነተኛውን ነገር ይዘው መጥተው ያልታመኑት ናቸው።

2011

በ2011 ድርቁ ሶማሊያን ሲመታ በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ዳዳብ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። የጣቢያዎቹ ሕዝብ ከ460,000 በላይ ሆነ። አዲስ መጪው በነባሮቹ ጣቢያዎች ዳር፣ አጥርም መብራትም መጸዳጃም በሌለበት ሜዳ ላይ ሰፈረ። ሴቶች በመንገድ ላይ ተጠቅተው የመጡ ነበሩ፤ ከደረሱም በኋላ ለመጸዳዳት ጨለማን ተገን አድርገው ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት፣ ለማገዶም ከሁሉ ርቀው መሄድ ነበረባቸው። ሪፖርት የተደረገው ጥቃት ካለፈው ዓመት በብዙ እጥፍ ጨመረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሁለት ስፔናውያን የእርዳታ ሠራተኞች ከኢፎ ጣቢያ አካባቢ ሲታፈኑ የድርጅቶቹ እንቅስቃሴ ተቀነሰ፤ ሴቶቹ ከለላ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ተመልካቹ አነሰ። በ1993 የታወቀው ሁሉ፣ አጥሩ፣ መብራቱ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቅርብ መሆን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ እንደ አዲስ መለመን ነበረበት። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዕውቀቱ ነበረና።

ከቀብሪበያህ የመጣው ሌላ መንገድ

በዳዳብ የተገኘው ውጤት የእርዳታ ድርጅቶችን አስተሳሰብ ቀይሯል። በ2006 የስደተኛ ሴቶችን ጉዳይ የሚከታተል አንድ የአሜሪካ ድርጅት የማገዶን ነገር በበርካታ አገሮች አጥንቶ፣ እንጨቱን ማቅረብ ሳይሆን የእንጨቱን ፍላጎት መቀነስ ያስፈልጋል አለ። በ2009 ድርጅቶቹ በጋራ የማገዶና የአማራጭ ኃይል አቅርቦት መመሪያ አወጡ፤ ማገዶ የምግቡም፣ የመጠለያውም፣ የጤናውም፣ የጥበቃውም ኃላፊነት መሆኑን፣ «የኔ አይደለም» የሚል እንዳይኖር ለእያንዳንዱ ድርሻውን ዘረዘረ።

የዚህ አማራጭ ቀደምት ምሳሌ ግን የእኛው ነው። በጅግጅጋ አካባቢ ያለው የቀብሪበያህ ጣቢያ የተከፈተው በዚያው በ1991፣ ለዚያው ከሶማሊያ ለሸሸው ሕዝብ ነው። እዚያም ሴቶችና ልጃገረዶች ለእንጨት ሲወጡ ይደበደቡና ይደፈሩ ነበር፤ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር በጫካው የተነሣ ግጭት ነበር። ጋያ ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከፍተኛ ኮሚሽኑን ይዞ በኢታኖል የሚሠራ ምድጃ አስገባ። ኢታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ የሚገኝ ነበር። በጣቢያው ለሚኖሩ ከ1,700 በላይ ቤተሰቦች ምድጃው ተዳረሰ፤ ለአንድ ቤት በቀን አንድ ሊትር ያህል ነዳጅ ይሰጥ ነበር። ማኅበሩ በዚህ ሥራው በ2008 በዘላቂ ኃይል ዘርፍ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የአሽደን ሽልማት አግኝቷል።

ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ይታያል። በዳዳብ 30 በመቶው ታደለ፣ ሴቲቱ ለቀሪው 70 ወጣች። በቀብሪበያህ የዕለት ፍላጎቷ በአብዛኛው ቤቷ ድረስ መጣላት። ጭሱም ቀነሰ፤ በጠባብ መጠለያ ውስጥ በእንጨት ጭስ የሚሳልና የሚታመም ሕፃን ያላት እናት ይህንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ልጃገረዶች እንጨት ፍለጋ የሚያጠፉት ሰዓት ነጻ ወጣላቸው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ምድጃው ለድስትና ለጀበና እንጂ ለምጣድ አይሆንም፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ሌላ መላ ይፈልጋል። እንጨት ሸጣ ሳሙና ትገዛ የነበረችው ሴት ደግሞ ምድጃ ስለተሰጣት ገቢ አላገኘችም። ሁለቱም ነገሮች ሴቶቹን ቀድሞ በመጠየቅ የሚታወቁ ናቸው።

ከዚያም የኢታኖሉ አቅርቦት አለ። መንግሥት በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀምር፣ ያ ነዳጅ ሌላ ትልቅ ፈላጊ አገኘ። የነዳጅ ወጪ ለመቀነስ የተወሰደ ውሳኔ እንደመሆኑ ምክንያታዊ ነው። ይሁንና ስንት ሊትር ወደ ማደያ፣ ስንት ሊትር ወደ ስደተኛ ጣቢያ ይሂድ የሚለው ሲወሰን፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት የኃይል፣ የስኳርና የነዳጅ ባለሥልጣናት ናቸው። ከምድጃው በስተጀርባ የልጃገረዶች ደኅንነት እንዳለ የሚያስታውስ የጤና ወይም የሴቶች ጉዳይ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ ወንበር ሊኖረው ይገባል። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም፣ ለጣቢያ የሚሆን ቦታ ሲመርጥና ራሽን ሲያቅድ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ርቀት ጎን የማገዶውን ርቀት በኪሎ ሜትር ጽፎ ቢያቀርብ፣ ለሴቶቹ የሚያስፈልገው ጥበቃ ገና ድንኳን ሳይተከል መታሰብ ይጀምራል።